ቅዱሳን ነገሥታት በዋግና በላስታ፦ ገድል፣ ሰነድና ሕንጻ በታሪክ ትምህርት

1. መግቢያ

የኢትዮጵያን የመካከለኛውን ዘመን ታሪክ በትምህርት ቤት ለማስተማር ከሚያስቸግሩት ምክንያቶች አንዱ የዘመኑ ምንጮች በአብዛኛው ከቤተ ክርስቲያን የተገኙ መሆናቸው ነው። ገድሉም፣ ስንክሳሩም፣ በወንጌል ገጾች ላይ የሰፈረው የጉልት ማስታወሻም፣ ከአለት የተፈለፈለው ቤተ መቅደስም የታሪክ ምስክሮች ናቸው። ነገር ግን ሁሉም የተዘጋጁት ለታሪክ ጸሐፊ ሳይሆን ለምእመናን ነው። ስለዚህ የታሪክ መምህር ዘወትር በሁለት ተቃራኒ ስሕተቶች መካከል ይገኛል። ገድሉን ቃል በቃል እንደ ዜና መዋዕል ቢያስተምር ተማሪው ማመዛዘንን አይማርም። ተረት ነው ብሎ ቢተወው ደግሞ የአንድን ዘመን ዋና ማስረጃ ከመጣሉም በላይ የተማሪውን ወላጆች እምነት ያቃልላል።

ይህ ችግር ጎልቶ ከሚታይባቸው ቦታዎች አንዱ ዋግና ላስታ ነው። የደሃና ልጅ ጥቅምት 19 ቀን ከወላጆቹ ጋር ቤተ ክርስቲያን ቢሳለም፣ ንጉሥም ካህንም የነበረው ይምርሐነ ክርስቶስ በቅድስና ሲታሰብ ይሰማል። በማግስቱ ወደ ክፍሉ ሲገባ ግን የዚያ ንጉሥ ወገን የሆኑት የዛጐ ነገሥታት ዙፋኑን ያለ አግባብ የያዙ፣ እ.ኤ.አ. በ1270 ዙፋኑ ወደ ባለቤቶቹ እስኪመለስ ድረስ በመካከል የገቡ ሰዎች እንደነበሩ የሚገልጽ ትምህርት ሊያጋጥመው ይችላል። ሁለቱ ትምህርቶች ስለ አንድ ቤተ መንግሥት የተነገሩ መሆናቸውን የሚያስረዳው ሰው ካላገኘ፣ ተማሪው ወይ የትምህርት ቤቱን ታሪክ የሌላ ሰው ታሪክ አድርጎ ይቆጥረዋል፤ ወይም በገዛ አያቶቹ ማፈርን ይማራል።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ሁለቱ ትዝታዎች ከየት እንደመጡ ማሳየት፣ ቀጥሎም ገድልን፣ ሰነድንና ሕንጻን ጎን ለጎን በማቅረብ ታሪኩን ያለ አድልዎና ያለ ንቀት ማስተማር የሚቻልበትን መንገድ ማመልከት ነው። በጽሑፉ ውስጥ «ዓ.ም.» ተብለው ያልተለዩት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

2. ቦታውና ሕዝቡ

ዋግ በቀድሞው አስተዳደር የወሎ ክፍለ ሀገር አንድ አውራጃ ነበር፤ ዛሬ የዋግ ኽምራ ብሔረሰብ አስተዳደር ይባላል። ዋና ከተማው ሰቆጣ ነው። ሰቆጣ ከጥንት ጀምሮ የሹሞቹ መቀመጫ ከመሆኑም ሌላ ከአፋር ቆላ የሚወጣው የአሞሌ ጨው ወደ መሐል አገር ሲሻገር ከሚያርፍባቸው ታላላቅ ገበያዎች አንዱ ነበር። ደሃና ከሰቆጣ በስተደቡብ ምዕራብ ያለ ወረዳ ሲሆን ዋና ከተማው አምደ ወርቅ ይባላል። በደቡብ በኩል ከሰሜን ወሎ ጋር ስለሚዋሰን ወረዳው በዋግና የዛጐ ነገሥታት ማዕከል በነበረችው በላስታ መካከል ይገኛል ማለት ይቻላል።

የአገሩ ነባር ሕዝብ አገው ሲሆን ቋንቋው ኽምጣኛ ነው። ኽምጣኛ ከአዊኛ፣ ከቅማንትኛና ከብሌን ጋር በመካከለኛው የኩሽ ቋንቋዎች ክፍል ይመደባል። የዋግ ሕዝብ በአብዛኛው ክርስቲያን ሆኖ ለብዙ መቶ ዓመታት የቤተ ክርስቲያኑ ቋንቋ ግዕዝ፣ የመጻሕፍቱ ትርጓሜ ቋንቋ አማርኛ፣ የቤቱ ቋንቋ ግን ኽምጣኛ ሆኖ ኖሯል። ይህ የሦስት ቋንቋዎች ኑሮ ለያዝነው ጉዳይ ቀላል ነገር አይደለም። የጽሑፍ ማስረጃዎቹ በአብዛኛው በግዕዝ ስለሆኑ፣ ታሪኩን የሠራው ሕዝብ በገዛ ቋንቋው የተናገረው ነገር በጽሑፍ አልቀረልንም።

ከሰቆጣ ብዙ ሳይርቅ ከአለት የተፈለፈለው ውቅሮ መስቀለ ክርስቶስ የተባለው ቤተ ክርስቲያን ይገኛል። በውስጡም የዋግ ሹሞች አፅም ነው ተብሎ የሚታመን፣ በሣጥን የተቀመጠ ቅሪት አለ። ስለዚህ ለሰቆጣና ለደሃና ተማሪ የመካከለኛው ዘመን ታሪክ በመጽሐፍ ብቻ የሚገኝ ነገር አይደለም፤ በእግር ሊደረስበት የሚችል ነው።

3. ሁለት ትዝታዎች

የዛጐ ነገሥታት መቼ መንገሥ እንደጀመሩ ሊቃውንት እስከ ዛሬ ይከራከራሉ። ከነገሥታት ዝርዝሮች አንዳንዶቹ ዘመናቸውን 133 ዓመት ሲያደርጉት ሌሎቹ 333 ዓመት ያደርሱታል። ፍጻሜው ግን የታወቀ ነው። በ1270 ይኩኖ አምላክ የመጨረሻውን የዛጐ ንጉሥ ድል አድርጎ መንግሥቱን ያዘ። የይኩኖ አምላክን ድል የሚያወሱት ጽሑፎች ድል የተመታውን ንጉሥ «ዛ ኢልመክኑን» ይሉታል፤ ፕሮፌሰር ታደሰ ታምራት እንዳስረዱት የቃሉ መልእክት «የማይታወቅ፣ የተሰወረ» እንደማለት ነው። ድል አድራጊው ወገን የተሸናፊውን ስም እንኳ ለመጻፍ አልፈለገም ማለት ነው።

ከዚህ በኋላ በ14ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ክብረ ነገሥት በግዕዝ ተዘጋጀ። መጽሐፉ የኢትዮጵያን ዙፋን ከንጉሥ ሰሎሞንና ከንግሥት ሳባ ልጅ ከምኒልክ ዘር ጋር ያያይዛል። በመደምደሚያው የሠፈረው ማስታወሻ መጽሐፉ በገብረ መስቀል ላሊበላ ዘመን ወደ ዓረብኛ እንደተመለሰ፣ ነገር ግን በዛጐ ዘመን ወደ ግዕዝ ያልተመለሰው ከእስራኤል ወገን ያልሆኑ ሰዎች ቢነግሡ ሕግን እንደመተላለፍ ስለሚቆጠር እንደሆነ ይገልጻል። እንግዲህ «ዙፋኑን ያለ አግባብ የያዙ» የሚለው አስተያየት በዛጐዎች ዘመን የተጻፈ ምስክርነት አይደለም። ከእነርሱ በኋላ የነገሠው ወገን የመንግሥቱን ሕጋዊነት ለማጽናት ያቀረበው ክርክር ነው። በታሪክ መጻሕፍታችን ለረጅም ጊዜ ሲደጋገም የኖረው «የሰሎሞናዊው ሥርወ መንግሥት መመለስ» የሚለው አነጋገርም «መመለስ» የሚለውን ቃል በመምረጡ ብቻ አንዱን ወገን ደግፎ ይገኛል።

ሆኖም ቤተ ክርስቲያን የጠበቀችው ሌላ ትዝታ ነው። የሰሎሞናውያን ነገሥታት ሥልጣን በጸናበት ዘመን፣ በ15ኛው መቶ ዓመት አካባቢ፣ ገድለ ላሊበላና ገድለ ይምርሐነ ክርስቶስ ተጻፉ። ነአኵቶ ለአብም የራሱ ገድል አለው። ይምርሐነ ክርስቶስ ጥቅምት 19 ቀን፣ ላሊበላ ሰኔ 12 ቀን ይታሰባሉ። የላሊበላም ልደት ከጌታ ልደት ጋር ታኅሣሥ 29 ቀን ይከበራል። የተሸነፈ መንግሥት ነገሥታት በአሸናፊዎቹ አገዛዝ ዘመን ቅዱሳን ተብለው መከበራቸው በዓለም ታሪክ ብዙ ጊዜ የሚያጋጥም ነገር አይደለም። ፈረንሳዊቷ የታሪክ ተመራማሪ ማሪ ሎር ዴራ በ2018 ስለነዚሁ ነገሥታት ያሳተመችውን መጽሐፍ ርእስ «ቅዱስም ቀማኛም» በሚል ሐሳብ ላይ የመሠረተችው ይህንኑ እንቆቅልሽ ለማመልከት ነው።

የዙፋኑ ትዝታ እነዚህን ነገሥታት ከዘር ሐረግ ሲያወጣቸው የመሠዊያው ትዝታ ወደ ቅዱሳን ማኅበር አስገብቷቸዋል። የዋግና የላስታ ካህናት ገድሎቹን ባይጠብቁ፣ በዓላቱንም ባያከብሩ ኖሮ ስለነዚህ ነገሥታት የምናውቀው ነገር ዛሬ ካለው እጅግ ያነሰ በሆነ ነበር።

4. ገድልና ሰነድ ሲስማሙ፣ ሲለያዩም

ገድል የሚጻፈው ለምእመናን አርአያ እንዲሆን ነው። ስለዚህ ገድልን በሚገባ ለማንበብ የሚረዳው ሌሎችን ምንጮች አጠገቡ አስቀምጦ ማመሳከር ነው። የይምርሐነ ክርስቶስ ታሪክ ለዚህ ዓይነተኛ ምሳሌ ይሆነናል።

ገድሉ ይምርሐነ ክርስቶስን ክህነትንና ንግሥናን አንድ አድርጎ የያዘ፣ ዘውድ ከጫነም በኋላ መቀደሱን ያልተወ ሰው አድርጎ ያቀርበዋል። ይህ ለዛሬ አንባቢ የጸሐፊው የውዳሴ ቃል ብቻ ሊመስለው ይችላል። ነገር ግን በ13ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ በግብፅ የተጻፈውና በአቡ ሳሊሕ ስም የሚታወቀው፣ ስለ አብያተ ክርስቲያናትና ስለ ገዳማት የሚተርከው የዓረብኛ መጽሐፍ የኢትዮጵያ ነገሥታት ካህናት እንደሆኑ፣ በገዛ እጃቸው ሰው እስካልገደሉ ድረስም በመቅደስ ገብተው እንደሚቀድሱ ይመሰክራል። የግብፁ ጸሐፊ ዛጐዎችን የማክበርም ሆነ የማዋረድ ምክንያት አልነበረውም፤ የጻፈውም ገድሉ ከመጻፉ ከሁለት መቶ ዓመት ገደማ በፊት ነው። ሁለት ምንጮች ሳይተዋወቁ በአንድ ነገር ሲስማሙ ነገሩ የእውነት መሠረት እንዳለው እንረዳለን።

ወደ ሌላው ክፍል ስንሻገር ግን መለያየት እናገኛለን። በገድሉ ውስጥ ይምርሐነ ክርስቶስን ያሳደደው አጎቱ ንጉሥ ጠንጠውድም ነው። ወጣቱ መንግሥት ይወርሳል የሚል ትንቢት ስለተሰማ አጎቱ ሊገድለው ፈለገ፤ እርሱም ሸሸ። ጠንጠውድም በገድሉ የሚታየው እንደ ጨካኝ ሰው ነው። ይሁንና በሰሜን ትግራይ በዑራ መስቀል ቤተ ክርስቲያን ወንጌል ውስጥ ተጽፎ የተገኘው የጉልት ሰነድ ያው ጠንጠውድም ለቤተ ክርስቲያኑ መሬት የሰጠ፣ መንፈሳዊ ንጉሥ እንደነበረ ያሳያል። ከዚህም በላይ የሚያስገርመው ስሙ ነው። የንግሥና ስሙ «ሰሎሞን»፣ ሌላው ስሙም «ገብረ መድኅን» ይባላል። ኋላ «ከሰሎሞን ወገን አይደሉም» ከተባሉት ነገሥታት አንዱ ራሱን በሰሎሞን ስም ይጠራ ነበር ማለት ነው።

ከዚህ ሁለት ትምህርት እናገኛለን። አንደኛ፣ ገድል የጻድቁን ጽድቅ ለማጉላት ከአጠገቡ አሳዳጅ ያቆማል፤ ይህ በክርስቲያን ዓለም ሁሉ የታወቀ የገድል ሥርዐት ነው። ስለዚህ የአሳዳጁን ጠባይ በገድሉ ብቻ መወሰን አይገባም። ሁለተኛ፣ መሬት የሚሰጥ ሰነድም የሰጪውን በጎነት የሚያሳይ በመሆኑ እርሱም ቢሆን ከወገንተኝነት የነጻ አይደለም። ምናልባት ሁለቱም ከእውነት አንዳንድ ክፍል ይዘው ይሆናል። ተማሪው ሊማረው የሚገባው «የትኛው ውሸት ነው?» ብሎ መጠየቅን ሳይሆን «እያንዳንዱ ለማን ተጻፈ? ምን ለማስገኘት?» ብሎ መጠየቅን ነው።

ሦስተኛው ምስክር የውጭ እንግዳ ነው። ከ1520 እስከ 1526 በኢትዮጵያ የቆየው ፖርቱጋላዊው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ በዋሻ ውስጥ ወደሚገኘው የይምርሐነ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን ሄዶ ነበር። በ1540 በታተመው መጽሐፉ፣ በቦታው እንደተነገረው ንጉሡ ከተገዢዎቹ ግብር እንደማይቀበል፣ ቢመጣለትም ለድሆች ያከፋፍል እንደነበር ጽፏል። ይህ የንጉሡን የግብር አሠራር የሚያረጋግጥ የመዝገብ ማስረጃ አይደለም። የሚያረጋግጠው የላስታ ሕዝብ በ16ኛው መቶ ዓመት መልካም ንጉሥ ማለት ምን ማለት እንደሆነ ያስብ የነበረውን ነው። መልካም ንጉሥ የሚባለው ገበሬውን የማያስጨንቅ ነው። ገድል አንዳንድ ጊዜ ስለ ቅዱሱ ከሚነግረን ይልቅ ቅዱሱን ስላከበረው ሕዝብ የሚነግረን ይበልጣል።

5. ሕንጻው የሚናገረው

ቃል ያልጻፈውን ነገር ድንጋይና እንጨት ሊናገር ይችላል። ከላሊበላ በስተሰሜን ምሥራቅ፣ ወግረ ስኂን በተባለው ስፍራ በታላቅ ዋሻ ውስጥ የቆመው የይምርሐነ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን ከአለት የተፈለፈለ አይደለም፤ የተገነባ ነው። ግድግዳው አንድ ረድፍ እንጨት፣ አንድ ረድፍ በኖራ የተለሰነ ድንጋይ እየተደረበ የተሠራ ሲሆን፣ በጣራው እንጨት ላይ ልዩ ልዩ ሐረግና የእንስሳት ሥዕል ይታያል። በግድግዳው ላይ የሚገኙት ሥዕሎችም በኢትዮጵያ ከታወቁት ጥንታውያን የግድግዳ ሥዕሎች መካከል ይቆጠራሉ። ከሕንጻው በስተጀርባ በዋሻው ውስጥ ብዙ የሰው አፅም ይገኛል። ትውፊቱ እነዚህ ከግብፅ፣ ከሶርያና ከኢየሩሳሌም ቅዱሱን ለማየት መጥተው በዚያው ያረፉ ምእመናን ናቸው ይላል።

እንጨትና ድንጋይ እያፈራረቁ መሥራት የአክሱም የሕንጻ ጥበብ ነው። በትግራይ የሚገኘው የደብረ ዳሞ ቤተ ክርስቲያንም በዚሁ ዘዴ ተሠርቷል። በላሊበላ ቤተ አማኑኤልን የፈለፈሉት ሰዎች ደግሞ ከአንድ አለት በሚጠርቡት ግድግዳ ላይ የእንጨቱንና የድንጋዩን ረድፍ መልክ ሳይቀር በድንጋይ ቀርጸውታል። አለት ሲፈለፈል እንጨት አያስፈልግም፤ መልኩ የተቀረጸው አባቶች ይሠሩበት የነበረ የቤተ መቅደስ መልክ ስለሆነ ነው። ስለዚህ ዛጐዎች ራሳቸውን የአክሱም ወራሾች አድርገው ይመለከቱ እንደነበር ሕንጻዎቻቸው ይመሰክራሉ። ከአክሱም የተቋረጡ ባዕዳን ናቸው የሚለው የኋላ ዘመን ክርክር በዚህ ግድግዳ ፊት መቆም ያስቸግረዋል።

ላሊበላን ስንመለከት ደግሞ ሕንጻው ገድሉን በአንድ በኩል ያጸናል፣ በሌላ በኩል ያርመዋል። ንጉሡ በእርግጥ የነበረ ሰው ለመሆኑ ጥርጥር የለም። በ1204 እና በ1225 የተጻፉ የጉልት ሰነዶች ስሙን ይዘዋል፤ በ1210 አካባቢ ከእስክንድርያው ፓትርያርክ የተላኩ ሰዎችም በቤተ መንግሥቱ ተገኝተው ስሙን ለግብፅ አሰምተዋል። በስሙ የተጻፈባቸው መንበረ ታቦቶችም እስከ ዛሬ አሉ። ትውፊቱ ከቅዱሳን ነገሥታቱ እያንዳንዳቸው አርባ አርባ ዓመት እንደነገሡ ይናገራል። አርባ በመጽሐፍ ቅዱስ የታወቀ ቁጥር ነው። የጥፋት ውሃ አርባ ቀን ዘነበ፤ እስራኤል በምድረ በዳ አርባ ዓመት ኖሩ፤ ዳዊትና ሰሎሞንም አርባ አርባ ዓመት ነገሡ። ስለዚህ የአርባው ቁጥር የሚገልጸው የዘመን ስሌትን ሳይሆን የንግሥናውን ፍጹምነት ሊሆን ይችላል። የታሪክ ሰው በእርግጠኝነት ሊናገር የሚችለው ላሊበላ ቢያንስ ከ1204 እስከ 1225 ዙፋን ላይ እንደነበረ ነው።

ስለ አብያተ ክርስቲያናቱ አሠራር ገድሉ ንጉሡ በመላእክት እርዳታ እንደፈጸማቸው ይተርካል። የቅርብ ጊዜ የመሬት ቁፋሮና የአለት አጠራረብ ጥናቶች ግን ሥራው በአንድ ጊዜ ሳይሆን በተለያዩ ደረጃዎች እንደተካሄደ፣ አንዳንዶቹ ክፍሎችም በመጀመሪያ ለሌላ አገልግሎት ተፈልፍለው ኋላ ወደ ቤተ መቅደስነት እንደተለወጡ ያመለክታሉ። ለምእመኑ የመላእክት እርዳታ የእምነት ቃል ነው፤ ለታሪክ ተማሪው ደግሞ መዶሻና መሮ ይዘው ስማቸው ሳይጻፍ የቀሩ ሠራተኞች ድካም መታሰብ አለበት። የላሊበላ አብያተ ክርስቲያናት በ1978 በዓለም ቅርስ መዝገብ ሲገቡ ዓለም ያከበረው የእነዚህንም ሰዎች እጅ ነው።

የቋንቋውን ምስክርነትም መዘንጋት አይገባም። ገድሉ የላሊበላን ስም ከንብ ጋር ያያይዘዋል፤ ሕፃኑ በተወለደ ጊዜ ንብ ስለከበበው እናቱ ንብ ግዛቱን እንዳወቀችለት ተናገረች ይላል። በአገው ቋንቋዎች ንብን የሚጠራው ቃል ከስሙ የመጀመሪያ ክፍል ጋር የሚቀራረብ ነው። እንግዲህ በግዕዝ የተጻፈው ገድል ሊፈታው የሚገባውን ስም የፈታው በአገውኛ ነው። በግዕዝ መጋረጃ ውስጥ የዋግና የላስታ እናቶች ቋንቋ ለአንድ አፍታ ይሰማል። ኽምጣኛ የሚናገር የደሃና ተማሪ ወደ አያቱ ሄዶ የንብን ስም ቢጠይቅ፣ የሚያመጣው መልስ የታሪክ ማስረጃ ነው።

6. ትዝታው ከ1270 ወዲህ

የዛጐ ቤት በ1270 አልጠፋም። በትውፊት እንደሚነገረው ከይኩኖ አምላክ ጋር በተደረገው ስምምነት ዋግን የመግዛት መብትና ልዩ ክብር ለዘሩ ተጠብቆለታል። «ዋግ ሹም» የሚለውም ማዕርግ እስከ ሃያኛው መቶ ዓመት ድረስ ከዚሁ ቤት ጋር ተያይዞ ኖሯል። ዐፄ ቴዎድሮስ ዋግ ሹም ገብረ መድኅንን ከገደሉ በኋላ ልጁ ዋግ ሹም ጎበዜ ሸፈተ። ቴዎድሮስም በ1860 ዓ.ም. መቅደላ ላይ ሲሞቱ ጎበዜ ዐፄ ተክለ ጊዮርጊስ ተብሎ ነገሠ። ከሦስት ዓመት በኋላ፣ ሐምሌ 1863 ዓ.ም. አድዋ አጠገብ በደጃዝማች ካሣ ምርጫ፣ በኋላ በዐፄ ዮሐንስ አራተኛ፣ ድል ሆነ። እንደገና በ1888 ዓ.ም. ዋግ ሹም ጓንጉል የዋግን ጦር ይዞ በአድዋ ጦርነት ተሰልፏል። ስለዚህ በታሪክ መጽሐፍ «አበቃ» የተባለው ቤት ከስድስት መቶ ዓመት በኋላም ንጉሠ ነገሥት ሊያወጣ ችሏል።

ይህን ያህል ዘመን የቆየ ትዝታ ዛሬ ግን ከብዙ አቅጣጫ ጉዳት ደርሶበታል። በ1976 እና በ1977 ዓ.ም. የደረሰው ረሃብ ዋግን ክፉኛ ከጎዳቸው አገሮች አንዱ አድርጎታል። ብዙ ሰው ሞቷል፤ ብዙውም ከቀዬው ተፈናቅሏል። በ2013 መጨረሻና በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ወደ ዋግ ኽምራና ወደ ላሊበላ ሲደርስ ትምህርት ተቋርጧል፤ አብያተ ክርስቲያናቱም ለአደጋ ተጋልጠዋል። ብራና ቢቃጠል ቅጂ ሊኖረው ይችላል። የአንድ አዛውንት ቃል ግን ሳይጻፍ ከጠፋ ቅጂ የለውም። የአካባቢን ታሪክ በትምህርት ቤት የማስተማር ጉዳይ ስለዚህ የሚዘገይ ጉዳይ አይደለም።

7. ለመምህራንና ለዕቅድ አውጪዎች

ከዚህ በላይ ከቀረበው ትንታኔ የሚከተሉት አሳቦች ይመነጫሉ።

ሀ) ገድልን በክፍል ማቅረብ ሃይማኖትን ማስተማር አይደለም። የመንግሥት ትምህርት ቤት ለሁሉም ተማሪ ነው፤ ሙስሊሙም ልጅ፣ ክርስቲያኑም ልጅ በአንድ ወንበር ይቀመጣሉ። መምህሩ ስለ ተአምሩ እውነትነት ሊፈርድ አይገባውም። ሥራው ገድሉ መቼ፣ የት፣ ለማን እንደተጻፈና ከሌሎች ምንጮች ጋር በምን እንደሚስማማና እንደሚለያይ ማሳየት ነው። በዚህ መንገድ የቀረበ ገድል አማኙን አያሳዝንም፤ የማያምነውንም አያስገድድም።

ለ) ትምህርቱ ከቅርቡ ቢጀምር ይጠቅማል። በዋግ ኽምራ ትምህርት ቤቶች የመካከለኛው ዘመን ታሪክ ከውቅሮ መስቀለ ክርስቶስ ወይም ተማሪው ከሚያውቀው የደብር ታሪክ ተነሥቶ ወደ ይምርሐነ ክርስቶስና ወደ ላሊበላ፣ ከዚያም ወደ አክሱምና ወደ ግብፅ ቢሰፋ ተማሪው የሚከተለው መንገድ ይኖረዋል። ለሌሎች አካባቢዎችም ይኸው ዘዴ በየራሳቸው ቅርስ ሊሠራ ይችላል።

ሐ) «ቀማኞች» እና «መመለስ» የሚሉት ቃላት በመማሪያ መጻሕፍት ውስጥ ሲጠቀሱ የማን አነጋገር እንደሆኑ ይገለጽ። ይህ ማለት የክብረ ነገሥትን ታላቅነት መካድ አይደለም፤ መጽሐፉ የአገሪቱን የመንግሥት አሳብ ለስድስት መቶ ዓመታት የመራ ነው። ነገር ግን የአንድ ወገን ክርክር እንደ ፍርድ ተደርጎ መቅረብ የለበትም።

መ) ለአንድ ትምህርት የሚሆን ልምምድ እንዲህ ሊዘጋጅ ይችላል። መምህሩ በሰሌዳው ላይ ሦስት ዐምድ ይሠራል፤ በአንደኛው ገድሉ የሚለውን፣ በሁለተኛው ሰነዱ ወይም የውጭ ጸሐፊ የሚለውን፣ በሦስተኛው ሕንጻው የሚያሳየውን ይጽፋል። ስለ ካህን ንጉሥነት፣ ስለ ጠንጠውድም፣ ስለ አርባው ዓመትና ስለ አሠራሩ ዘዴ እያንዳንዱን ዐምድ ተማሪዎቹ ራሳቸው እንዲሞሉ ያደርጋል። በመጨረሻም በየትኛው ነገር ምንጮቹ እንደተስማሙ፣ በየትኛው እንደተለያዩና ለምን እንደተለያዩ ያወያያቸዋል። ለዚህ ከጠመኔና ከሰሌዳ ሌላ ምንም መሣሪያ አያስፈልግም።

ሠ) ከ1986 ዓ.ም. የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ወዲህ ኽምጣኛ በአካባቢው የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ውስጥ ቦታ አግኝቷል። ይህ ዕድል ፊደል ለማስቆጠር ብቻ ሳይሆን ታሪክ ለመሰብሰብም ሊያገለግል ይገባል። ተማሪዎች ከአያቶቻቸው የቦታ ስሞችን፣ የበዓላትን ትዝታና የቤተሰብ ታሪክን በቋንቋቸው ጠይቀው ቢጽፉና ትምህርት ቤቱ በመዝገብ ቢያኖረው፣ የጽሑፍ ምንጮች የተዉትን ክፍተት በከፊል ሊሞላ ይችላል።

ረ) ጉብኝት ሲዘጋጅ ከደብሩ አስተዳዳሪ ፈቃድ ማግኘት፣ የቦታውን ሥርዐት መጠበቅ፣ ብራናም ሆነ አፅም እንዳይነካ ተማሪውን አስቀድሞ ማስጠንቀቅ ያስፈልጋል። ካህናቱ ቅርሱን ለብዙ መቶ ዓመታት የጠበቁ በመሆናቸው በጉብኝቱ ጊዜ እነርሱም መምህራን ናቸው። ንግግራቸው ይደመጥ፤ የተናገሩትም ተጽፎ በክፍል ከሌሎች ምንጮች ጋር ይነጻጸር።

8. ማጠቃለያ

በዋግና በላስታ የቅዱሳን ነገሥታት ታሪክ የተላለፈልን በተለያዩ እጆች ነው። ድል አድራጊው መንግሥት ስማቸውን ሊሰውር ሞክሯል፤ ካህናቱ ግን በገድልና በበዓል ጠብቀውታል። የጉልት ሰነዱ ንጉሦቹ በሕይወት ሳሉ የነበራቸውን ሥልጣን ያሳያል፤ የግብፅና የፖርቱጋል ጸሐፊዎች ከውጭ ሆነው ያዩትንና የሰሙትን አስቀምጠዋል፤ የወግረ ስኂን እንጨትና የላሊበላ አለትም የአክሱምን ጥበብ ተሸክሞ ቆሟል። ከእነዚህ አንዱም ብቻውን ሙሉውን እውነት አይነግረንም። አንዱን ከሌላው ጋር ማስተያየት የተማረ ተማሪ ግን ዛሬ በገበያና በአደባባይ የሚሰማውንም ወሬ በዚያው ሚዛን መመዘን ይችላል።

ለደሃና ልጅ ደግሞ ሌላ ጥቅም አለው። በበዓል ቀን በቤተ ክርስቲያን የሰማውንና በማግስቱ በክፍል የተማረውን ለይቶ፣ አገናኝቶም ማየት ከቻለ አንዱን ለመያዝ ሌላውን መጣል አያስፈልገውም። ቅድስናን ለእምነቱ፣ ሰነድን ለምርምሩ አድርጎ፣ አያቶቹ በአገሪቱ ታሪክ ውስጥ የነበራቸውን ድርሻ ያለ ኀፍረትም ያለ ትዕቢትም ማወቅ ይችላል። ይህን እንዲችል መርዳት የታሪክ መምህር ግዴታ ነው።